የክቡር ታርቡስ አውራ ጣት

በዳኪያ ተራሮች ላይ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ዳኛ የሌለበት የቀጥቃጭ ቤት የለም። የእኔ ዳኛ ክቡር ታርቡስ ናቸው።

ዕድሜ ልካቸውን የንብ ቀፎ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ግን አዲስ የጦር ማጭድ አግዬ ከውሃ ባወጣሁ ቁጥር ደጄ ላይ ናቸው። ወደ ውስጥ በተቆለመመው ስለት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ እንደ ካህን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይኼ ምኑን ይቆርጣል?» ይላሉ።

በእኔ ብቻ ቢሆን በታገስኩ። ሊያግዙን የመጡትን የሜዳ ፈረሰኞች፣ ፈረሳቸው ሳይቀር ጥሩር የሚለብሰውን ሳርማቶች፣ «ጦራችሁ ረዘመ፤ ድንኳን ልትተክሉበት ነው?» አሏቸው። የተኩላ ራስና የዘንዶ አካል ያለው ሰንደቃችን በአፉ ነፋስ ሲገባ የሚጮኸውን ጩኸት ደግሞ «የምታምጥ ላም ይመስላል» ብለው ተሸካሚውን ሁለት ቀን አስኮረፉት።

ሮማውያን ሊወጉን የድንበሩን ወንዝ ተሻገሩ በተባለ ሰሞን ለታናሽ ወንድሜ ለዳዳስ የጦር ማጭድ ሠራሁ። የሮማውያንን የራስ ቁር እንደ ዱባ ይከፍላል ብዬ ምዬለት ነበር። ሊዘምት በተነሳበት ጠዋት ታርቡስ በዚያ በረዶ ያለ ደበሎ እየተንቀጠቀጡ መጡ። የሮማ የራስ ቁር ታቅፈዋል። አናቱ ላይ ሁለት ወፍራም ብረት ተጠላልፎ ተመትቶበታል።

«ይኼን ምታው እስቲ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቢተዉን?» አለ ዳዳስ። «ደግሞ ከየት አመጡት?»

«ከሳርማቶቹ። ደበሎዬን ወደዱት። ምታ ብያለሁ!»

ጉቶ ላይ አስቀምጬ ባለ በሌለ ኃይሌ አወረድኩበት። ማጭዱ ከተጠላለፈው ብረት ላይ ነጥሮ ጫፉ ተሰበረ። የራስ ቁሩ ተጫረ እንጂ አልተከፈለም። ክው አልኩ። ወንድሜን በገዛ እጄ ላስገድለው ነበር። ከዚያ የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ታርቡስ «ምኑን ይቆርጣል» አለማለታቸው ነው።

«የሮማዊውን ራስ ተወው» አሉት ዳዳስን ቀስ ብለው። «በጋሻው ዞረህ ማጭዱን ክንዱ ላይ ሳበው። ማጭድ የሚቆርጠው ሲስቡት ነው እኮ። ሰይፍ ሰይፍ ስትሉት ረሳችሁት።»

ጫፉን ሞርጄ፣ ስዬ ሰጠሁት። ሄደ።

አራት ቀን ታርቡስ ደጄ ላይ ቆመው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንደዚያ የሚያንገሸግሸኝ ነገራቸው ናፈቀኝ። በአምስተኛው ቀን ዳዳስ በሁለት እግሩ መጥቶ ማጭዱን አቀበላቸው። አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት።

«ደንዟል» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ይኼ ደግሞ ምኑን ይቆርጣል?»

እንባዬን እንዳያዩብኝ ብዬ የራሴን ደበሎ አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አዩት።

«ይኼ ምኑን ያሞቃል?» አሉኝ።