ይጠበቅ ወይስ ይገደል?

ጓደኛችሁ «የሙከራ ቅጂ ነው፣ እስቲ እየውልኝ» ብሎ አንድ ነገር ቢሰጣችሁ፣ አመስግናችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ትንሽ አስቡበት። ያለቀለትን ነገር ለማያውቁት ሰው ይሸጡታል፤ ያላለቀውን ለወዳጅ ይሰጡታል። እኔ የገመቹ ወዳጅ ስለሆንኩ ብዙ ያላለቀ ነገር ደርሶኛል።

ገመቹ ማነው? ኮሌጅ አብረን ተምረናል። ስንጨርስ እሱ ወደ ተወለደበት ቡራዩ ተመለሰ። እኔን የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ሰበታ ጣለኝና አንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ሆንኩ። መምህር ልሁን እንጂ ኮምፒውተሮቹ መምህርም ተማሪም አይወዱም ነበር። ጠዋት የከፈትኳቸው ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው ነቅተው ዓይናቸውን የሚገልጡት። ርዕሰ መምህሯ በመጨረሻ ጠርተውኝ፣ «እስከ መንፈቀ ዓመቱ ወይ ይሠሩ ወይ ክፍሉን ለቀው ይውጡ፤ የተሰበረ ወንበር የማስቀምጥበት አጥቻለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ የገመቹ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚባል፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር እንዳለ ሰምታችሁ ይሆናል። የፈለገ ሰው ከፍቶት እንዳሻው ሊጨምርበትና ሊቀንስበት ይችላል። ገመቹ የሚቀንስ ሰው ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ቀላል ሊኑክስ፣ ያውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። አላስፈላጊ የመሰለውን ሁሉ አወጣ። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲያወጣ ድምፁን አብሮ አውጥቶት ኖሮ ኮምፒውተሮቼ ዲዳ ሆነው አንድ ሳምንት ከረሙ። ሌላ ጊዜ ጳጉሜን ረሳትና ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ተከራከረኝ። ደግሞ አንዱ ቅጂ በአማርኛ መጻፍ ጀምራችሁ ቃሉ ሳያልቅ በራሱ ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገር ነበር። ይህን ስነግረው ገመቹ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ ስህተት አይደለም። የሰበታ ሰው እንደዚህ ነው የሚያወራው።»

አማርኛውን የምትተረጉምልን ሔለን ነበረች። ሱሉልታ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡትን አትሌቶች በመስኮት እያየች፣ ደንበኛ ሲጠፋ ትተረጉማለች። ሔለን ታማኝ ተርጓሚ ናት። እንግሊዝኛው ያለውን ነው የምትለው፤ አትጨምርም፣ አታለዝብም። ይህን ያዙልኝ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ዕቅድ ልታቅፍ ነው ተባለ፤ መሬቱ የሚታቀፈው ገበሬ ደግሞ ማን ጠየቀኝ አለ። አከራዬ ኦቦ ደቻሳ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ማሳቸውን ሲያዩ፣ ሰላም ስላቸው እንኳ የሚመልሱልኝ ዘግይተው ነበር። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ግን በአንድ አቋም ጸንቶ ጠፋ።

ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ የሙከራ ቅጂ በምን ይላካል? በእግር። ቡራዩና ሰበታ ለአሞራ ጎረቤት ናቸው፤ ለሰው ግን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ መውጣት ነው። መንፈቀ ዓመቱ ሲቃረብ አንድ ቀን መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ቡራዩ ሄድኩ። ገመቹ የመጨረሻ የምትባለውን ቅጂ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ፍላሹን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከሌሎቹ ፍላሾች እንዳይምታታበት ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በማርከር «ማስተር» ብሎ ጽፎበታል። ሌሎቹ ቅጂዎች የሚገለበጡበት ዋናው ማለቱ ነው። የኛ ሙያ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለዋል። እኔም አየሁት፤ አንዳች ነገር አልታየኝም።

«አብሬህ ልሂድ» አለኝ። «አንተ ከጫንከው ስህተቱ ያንተ ይሁን የኔ አይታወቅም።»

አለም ገናን አለፍ እንዳልን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወጣቶች መጥተው እንድንወርድ ነገሩን፤ ክፉ አልተናገሩም። ተሳፋሪው በእግሩ እንዲያልፍ ፈቀዱ። እኛም ልናልፍ ስንል አንዱ ልጅ የገመቹን አንገት አየ።

«ማል ካና?» አለው። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ገመቹ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳ ጀመር። ገመቹ ማስረዳት ከጀመረ አያቆምም። የእኔ ኦሮምኛ ሰላምታና ገበያ ላይ ያበቃል፤ ቢሆንም «ሊኑክስ» የሚለው ቃል ሲመላለስ ይሰማኛል። ልጁ በትዕግሥት ሰማው። ሲጨርስ ወደ አማርኛ ዞሮ፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል፣ «ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ግን በዚህ ሰሞን ማስተር የሚል ነገር አንገት ላይ አይታሰርም። ፋቀው።»

ገመቹ በቤቱ ቁልፍ ፋቀው። ፕላስተሩ ተቦጫጨቀ፤ ከጽሑፉ የመጀመሪያው «ማ» ብቻ ቀረ። አመስግነን በእግራችን ቀጠልን።

ከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ ፖሊሶች ነበሩ። መታወቂያችንን አዩ። መምህር መሆኔን ነገርኩ። አንደኛው ሂዱ ሊለን እጁን ካነሳ በኋላ ያነሳውን እጅ ወደ ፍላሹ ዘረጋው።

«ምን ነበር የተጻፈበት?»

ገመቹ መዋሸት አይችልበትም። «ማስተር» አለ።

«ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ ምንም የለም።»

«ማስተር ብቻ?»

«አዎ።»

«ለምን ተፋቀ?»

አሁን ምን ይባላል? ልጆቹ አስፋቁኝ ቢል ልጆቹን መጠቆም ነው። ራሴ ፋቅኩት ቢል የሚደብቀው አለው ማለት ነው። እኔን አየኝ። እኔ ኮረብታውን አየሁ። ወደ ጣቢያ ወሰዱን።

እስካሁን እየቀለድኩ ነው የማወራችሁ፤ የጣቢያው ግቢ ግን አያስቀልድም ነበር። ወጣቶች ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን አወቅኩት። ሰፈራችን ጎማ የሚጠግነው ልጅ ነው። ጠዋት ሁሌ «መምህር፣ እንዴት አደርክ» ይለኝ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። እኔም አለፍኩት። ላለመተዋወቅ የተስማማን ያህል ነበር።

ቢሮ ውስጥ ያስገቡን ፀጉሩ ሸበት ያለ ሳጅን ዘንድ ነው። ነገሩ ተነገረው። ፍላሹን አገላብጦ አየና ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮምፒውተር እየጠቆመ «እዚሁ ክፈቱልኝ፤ በዓይኔ ልየው» አለ። ኮምፒውተሩን ሳየው፣ ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከትምህርት ቤቴ ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ቀን የተወለደ ነው።

ገመቹ ፍላሹን ሰክቶ አስነሳው። ሊኑክስ ሲነሳ፣ ለማያውቀው ሰው፣ መልኩ አያምርም። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁርና ነጫጭ ጽሑፍ ከላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሁለት እርምጃ ገባ። ሳጅኑ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «ሚስጥራዊ ነው?» አለ። ገመቹ «አይደለም፤ እየተነሳ ያለውን ነገር ሁሉ እየነገረዎት ነው» አለው። «ለምን ይነግረኛል?» አለ ሳጅኑ። ይህ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘንለት ጥሩ ጥያቄ ነው። በኋላ ጽሑፉን በአንድ ሥዕል ሸፈንነው።

ወዲያው ግን በንጹሕ አማርኛ የተጻፈው ገጽ ብቅ አለ። ፈጥኖ መምጣቱን ሳጅኑ ልብ ብሏል፤ ፊቱ ፈታ ሲል አይቻለሁ። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ። «እስቲ ፋይሎቹን አሳዩኝ» አለ። ገመቹ ተጫነ። መስኮቱ ተከፈተና ደርቆ ቀረ። የሙከራ ቅጂ አይደል? ከዚያ መሐል ስክሪን ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች። ሳጅኑ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበባት።

«መልስ እየሰጠ አይደለም። ይጠበቅ? ወይስ ይገደል?»

ፖሊሱ ሌላ ሁለት እርምጃ ገባ።

እንግሊዝኛው «ግደል» ነው የሚለው። ሔለን ደግሞ ታማኝ ተርጓሚ ናት ብያችኋለሁ።

«ማነው መልስ ያልሰጠው?» አለ ሳጅኑ፣ ቀስ ብሎ።

«ፕሮግራሙ ነው» አለ ገመቹ።

«ማነው የሚገደለውስ?»

«እሱው ፕሮግራሙ። በኛ ሙያ የደረቀውን ሲዘጉት ገደልነው ይባላል።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

ሁለታችንም በአንድ አፍ «እኛ ነን» አልን። የሔለን ስም ከዚያ ክፍል እንዲርቅ ፈልገን ነው። ሳጅኑ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ቁልፍ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው፤ እኔ ከታሰርኩ ክፍሉን ማን ይከፍተዋል እያልኩ።

«ስሙ» አለን ሳጅኑ በመጨረሻ። «ይህ ቃል ጥሩ አይደለም። በየቤቱ ሐዘን በተቀመጠበት ጊዜ ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠየቅም። ሌላ ቃል የላችሁም?»

ገመቹ የሙያ ክርክር የቀረበለት መስሎት «ዝጋ የሚለውን ለሌላ ተጠቅመንበታል» አለ። ጎኑን በክርኔ ነካሁት፤ አልገባውም።

ሳጅኑ አሰበ። ኮርኒሱን አየ። «ይሰናበት በሉት» አለ። «አሰናብቱት።»

ገመቹ ቃሉን በአፉ አላመጠው። «ጥሩ ነው» አለ። በእርግጥም ጥሩ ነበር፤ እኛ ሦስታችን ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀን ያላገኘነው ቃል ነው። እዚያው ተቀምጦ የትርጉሙን ፋይል ከፍቶ አስተካከለው። እንደገና አስነሳው፤ ፕሮግራሙ እንደገና ደረቀ። በዚህ አላሳፈረንም። ሳጥኗ መጣች፦ ይጠበቅ? ወይስ ይሰናበት? ሳጅኑ ማውሱን ራሱ ይዞ «ይሰናበት» የሚለውን ተጫነ። የደረቀው መስኮት ጠፋ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አየሁ።

ከየት ድፍረት እንዳገኘሁ አላውቅም፤ «እኛስ፣ ሳጅን?» አልኩት።

አየኝ። ከመሳቢያው የራሱን ፍላሽ አውጥቶ «በዚህ ገልብጡልኝና እናንተም ተሰናበቱ» አለ። ቢበላሽ የሚጠይቀው እንዲያገኝ ስልክ ቁጥሬንም መዘገበ።

ስንወጣ ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆች እንደተቀመጡ ነበሩ። ለእነሱ ቃል የመረጠላቸው የለም። ገመቹ፣ ያ ማስረዳት የማይደክመው ሰው፣ ቤቴ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ኦቦ ደቻሳ ወተት ልከውልን ሳንጠጣው አደረ።

በነጋታው ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጫንነው። ያ የደረቀው ነገር ገመቹ የቀነሰው አንድ ክፍል ጉድለት ነበር፤ መለሰው። ሕፃናቱ ገብተው ስማቸውን ሲጽፉ፣ ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ቆመው አይተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የተሰበሩት ወንበሮች የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡ።

መንገዱ ተረጋግቶ ሔለን ከሱሉልታ ስትመጣ አንድ ወር ሳያልፍ አይቀርም። ጎማ ጠጋኙም ልጅ በዚያው ሰሞን ተመለሰ፤ ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል። «መምህር፣ እንዴት አደርክ» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩትም። ሔለን ግን በቃሉ ተቆጥታ ነው የመጣችው። ፖሊስ ያረመውን ትርጉም አልቀበልም አለች። ገመቹ ቃሉ ከየትም ይምጣ ጥሩ ነው አለ። ቅጂው ለሕዝብ የሚለቀቅበት ቀን ደርሶ እኛ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በአንድ ቃል ስንጨቃጨቅ ስልኬ ጠራ። ሳጅኑ ነው። ሁለቱም እንዲሰሙት ድምፁን ጮክ አደረግኩት።

«ነገራችሁ ጥሩ ነበረች» አለ። «ግን አንድ ስህተት አለባት። አንዱን ፕሮግራም አሰናብተዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ደግሜ አሰናብተዋለሁ፤ ያው ይመጣል። ዛሬ ስንት ጊዜ አሰናበትኩት መሰለህ?»

ሔለን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «እሱ ስህተት አይደለም፣ ሳጅን» አለችው። «ከኋላ ሆኖ የሚያስነሳው ነገር አለ። እሱ ካልተስተካከለ የፊተኛውን ብቻ ቢያሰናብቱት ተመልሶ ይመጣል። ቢገድሉትም ያው ነው።»

በወዲያኛው በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ልጄ» አለ ሳጅኑ፣ «የምታወሪኝ ስለ ኮምፒውተሩ ነው?»

«ስለ ኮምፒውተሩ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ» አለ፣ «ለበላይ አካል አሳውቃለሁ።»