የሉል የጡት ልጅ

ሰው በቅሎን ማማት አይሰለቸውም። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እያልን ይኸው ስንት ትውልድ ሳቅንባት። እስቲ ምን አጠፋች? የምትኮራበትን ጠራች። እናንተስ ብትሆኑ፣ ፊታውራሪ አያታችሁ እያሉ ሰካራሙን አጎታችሁን ታስቀድማላችሁ? እኔ በበኩሌ የድሬዳዋ ልጅ ነኝና በዘር ጉዳይ በማንም አልፈርድም። በአንድ ቋንቋ ተቆጥቶ፣ በሌላው ተሳድቦ፣ በሦስተኛው የሚታረቅ ሰው እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

ይህን ያስነሳብኝ ሰሞኑን ያነበብኩት ነገር ነው። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብ ግን ጡረታ የለውም። በሰውነታችን ውስጥ አር ኤን ኤ ከሚባሉት መሃል በጣም ጥቃቅኖቹ ሥራቸው ትልልቁን የዘር መልእክት ዝም ማሰኘት ነው ይላል ጽሑፉ። ደርግን ያየን ሰው ይህ አይገርመውም፤ ትልቁን ሰው ዝም የሚያሰኘው ሁልጊዜም ትንሹ ካድሬ ነበር። እነዚህ ጥቃቅኖች ከእኛ ከአጥቢዎች ጋር ከጥንት ጀምሮ አብረው እየተለወጡ መጥተዋል፤ በማኅፀን ይሠራሉ፣ በጡት ወተት ውስጥም ሞልተዋል። ወተቱ ውስጥ ያሉት ለሚጠባው ልጅ አንዳች ነገር ማድረግ አለማድረጋቸው ግን ገና ያከራክራል ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። እኛ ከተማ ይህ ክርክር በደርግ ዘመን፣ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አው ሙሜ፣ «አው» ብለን ነው አዛውንቶቻችንን የምናከብረው፣ ከባቡር ጣቢያ መንገደኛ የሚያመላልሱ ባለጋሪ ነበሩ። ሚስታቸው ዘይነብ ሞተው ልጃቸውም ርቆ ከሄደ ወዲህ የቀረቻቸው ሉል የምትባል በቅሏቸው ብቻ ናት፤ እንጀራቸውም እሷው ናት። አንድ ማለዳ ሉል ጡቷ አግቶ፣ አንዲት የአህያ ውርንጭላ ሥሯ ገብታ ስትጠባ ተገኘች። በቅሎ እንደማትወልድ ከአው ሙሜ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ደስታ ግን እውቀት አያስታውስምና «ወለደች!» ብለው አወጁ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ።

ወሬው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሰለሞን ጋ ደረሰ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እዚያው እኛው መሃል ያደገ። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር ማዋል ማለት ይኼ ነው!» አለ። «በቅሎዋ ለአብዮት በዓል አዲስ አበባ ትሄዳለች።» ለበዓል የሄደ ነገር እንደማይመለስ አው ሙሜ ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ባለሙያ ተብዬ ተጠራሁ። ሉልን ላድን ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ፦ በቅሎ አትወልድም፣ ሳትወልድ ማጋት ግን አንዳንዴ ያጋጥማታል፣ ውርንጭላዋ የሌላ ናት። ይኼን ጊዜ ከዋሂል ገጠር ከሰል ይዛ የመጣች ሴት ከኋላ ተነስታ «የእኔ ናት፣ ገበያ ላይ የጠፋችብኝ!» አለች።

ጓድ ሰለሞን ወደ አው ሙሜ ዞረ። «እንግዲያው ጓድ ሙሜ፣ ሌባ ነዎት ማለት ነው።»

ሰውየውን ከድጡ ወደ ማጡ ከተትኳቸው። ወለደች ካሉ ሉል ትሄዳለች፤ አልወለደችም ካሉ እሳቸው ይታሰራሉ።

አው ሙሜ ብድግ አሉ። «ወላሂ አልሰረቅኩም፤ ራሷ መጣች። ሉልም አልወለደችም። አጠባች። ያጠባች ደግሞ እናት ናት። እናት ልጇን ሰረቀች ይባላል እንዴ አቦ?»

«ማጥባት እናት አያደርግም!» ጓድ ሰለሞን ጠረጴዛውን ደበደበ።

ሁላችንም አንድ ነገር እናውቅ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

«ሰሌ» አሉት አው ሙሜ ቀስ ብለው። «የወለደችህ እናትህ ታማ ወተቷ ሲነጥፍ፣ ዘይነብ አንዱን ጡቷን ለልጃችን፣ አንዱን ለአንተ ሰጥታ አሳደገችህ። ቀብሯ ላይ ‘እናቴ’ ብለህ ያለቀስከው አንተ አይደለህም? ማጥባት እናት አያደርግም ካልክ እሺ። ነገ መቃብሯ ጋ እወስድሃለሁ፤ ለራሷ ንገራት። በሉል ጋሪ ነው የምወስድህ፤ አላስከፍልህም።»

ጓድ ሰለሞን ኮፍያውን አወለቀ። «ስብሰባው ተበትኗል» አለ በመጨረሻ። የዋሂሏ ሴት ሳቀችና «ጡት እስክትጥል እዚሁ ትቆይ፤ የእኔዋ አህያ ወተት የላትም» አለች።

በከተማዬ የኮራሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ እንደዚያን ቀን ግን ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም። የእስላም ጡት የጠባ የክርስቲያን ልጅ፣ የክርስቲያን ጡት የጠባ የእስላም ልጅ፣ ሳቢያን ሰፈርም ሂዱ ባቡር ጣቢያ በየበሩ ነበር። ማንም አይቆጥረውም፤ ማንም አይረሳውም። ሳይንቲስቶቹ ወተት ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ነገር ይመርምሩ፣ ይከራከሩ፤ እኔ አልቸኩልም።

በማግስቱ ማለዳ ትምህርት ቤት ስሄድ የሉል ጋሪ አለፈችኝ። አው ሙሜ ልጓም ይዘዋል፣ ውርንጭላዋ ከጎን ትሮጣለች፣ ከኋላ ጓድ ሰለሞን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ጓድ፣ ወዴት ነው በማለዳ?» አልኩት።

«እናቴ ጋ» አለኝ።