በጉ በደስታ ይበላል

አራሚው፦ «መላጣ» ቤት አይመታም አልኩህ!

ቀቢው፦ ለምን ይመታል ጋሼ? መላጣም እኮ እንደኛው ሰላማዊ ሰው ነው።

አራሚው፦ ቃሉን ነው የምልህ! ግጥሙ ውስጥ! ቤት አይመታም፣ ቤት አይደፋም!

ቀቢው፦ መምታቱ አንሶ መድፋትም አለበት?

[አራሚው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አምስት ቆጠረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። አምና የገና ሰሞን፣ የእህቱ ልጅ በምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት «ለልጆቹ ላንብብላቸው» ብሎ ስለ ገና ዛፍ አመጣጥ አርባ ገጽ አነበበ። ሦስት ልጆች ተኙ፤ አራቱ በጠረጴዛ ሥር ሾልከው ወጡ፤ አንዱ የመጽሐፉን ጠርዝ በላ። ዘንድሮ ዳይሬክተሯ ቁርጡን ነግራዋለች፤ ልጆቹ እስከ መጨረሻው ካልተቀመጡ የንባቡ ሰዓት ይቀርና ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል። ስለዚህ አራሚው ራሱ አራት ገጽ የገና ግጥም ጻፈ። ሥዕሉን ለእህቱ ባል ሰጠው፤ ሰውየው የሱቅ ሰሌዳ ቀቢ ነው። ንባቡ ነገ ጠዋት ነው። አራሚው ሥዕሎቹን ሊያይ አሁን ገና ከቀቢው መሥሪያ ክፍል መግባቱ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበር ስላጣ በተዘጋ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል።]

አራሚው፦ [ደስ እያለው፤ ማስረዳት ሲጀምር ሁልጊዜ ደስ ይለዋል] ና ቅረብ። ቀስ ብለን እንየው። የዛፉ ገጽ የመጀመሪያው ስንኝ፣ «ዛፉን አስጌጡት፣ ሁሉም በየተራ»። በምን አለቀ?

ቀቢው፦ በሰላም።

አራሚው፦ በ«ራ»! ሁለተኛው፣ «መብራት ሲሰኩበት፣ አናቱ በራ»። ይሄም በ«ራ»። እንግዲህ «ራ» እና «ራ» ምን ሆኑ?

ቀቢው፦ ተጋጩ።

አራሚው፦ ተስማሙ!

ቀቢው፦ ከተስማሙ ዱላው ምን አመጣው?

አራሚው፦ ተወው። ዱላውን ተወው። ለመሆኑ በ«በራ» ፈንታ «መላጣ» እንበል የምትለውን ከየት አመጣኸው?

ቀቢው፦ ከእርስዎ ነዋ። «አናቱ በራ» ብለው የለ? ሕፃን ልጅ «በራ» ሲሉት ላይገባው ይችላል፤ «መላጣ» ሲሉት ግን አያቱን ያስታውሳል ብዬ ነው።

[ቀቢው የዛፉን ሥዕል ከግድግዳ ላይ አወረደ። ዛፉ ከወገቡ በታች ለምለም ነው፤ በኳስና በሪባን ተንቆጥቁጧል። ከወገቡ በላይ ግን አንዲት ቅጠል የለችም፤ አናቱ እንደ ተወለወለ ድስት ያብረቀርቃል። ግራና ቀኝ ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ፣ እንደ ጡረተኛ ፀጉር፣ ወደ ጎን ተበጥረዋል።]

አራሚው፦ ምንድን ነው ይሄ?

ቀቢው፦ ዛፉ ነው። መብራት ሲሰኩበት ፀጉሩ ረገፈ። ኤሌክትሪክ እኮ ቀልድ አያውቅም ጋሼ።

አራሚው፦ ብርሃን ሰጠ ማለቴ ነው! «ራ» ጠብቆ ነው የሚነበበው። አንተ አላላኸው!

ቀቢው፦ አላላሁት? እንደ ብሎን?

አራሚው፦ [ቆርቆሮውን እየጎተተ ቀረበ፤ ዓይኑ አበራ] እንደ ብሎን! ጥሩ አልክ፣ በጣም ጥሩ አልክ! የእኛ ቋንቋ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ አንድ፣ አጻጻፉ አንድ። ስታጠብቀው ሌላ፣ ስታላላው ሌላ። አጠበቅከው፣ አምፖል ነው። አላላኸው፣ መላጣ ነው።

ቀቢው፦ ታዲያ ጽሑፉን ሲሰጡኝ መፍቻ አብረው አልሰጡኝም።

አራሚው፦ መፍቻው ጭንቅላት ነው! አንባቢ ዓይኑን ጣል ሲያደርግበት ያውቀዋል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስንት ሚሊዮን ቃል አነበብኩ፤ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ያውም ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ! አንተ ግን እንደ ፍየል እያመነዠክህ ነው የምታነበው፤ እዚያ ማመንዠክ ላይ ነው የላላብህ።

ቀቢው፦ ከንፈሬ ካልሰማ እጄ አይገባውም፣ ምን ላድርግ?

አራሚው፦ እሺ። ዛፉን ቅጠል አልብሰው። የገና አባትስ? እሱ ላይ እንኳ የሚላላ ነገር የለም።

ቀቢው፦ የለም፣ የለም። እሱ እንዲያውም በጣም ነው ያማረብኝ። [ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ]

የገና አባት መጣ፣ ከረጢት አንጠልጥሎ፣
ከሰፊው ቤት ገባ፣ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ።

[ሥዕሉን ገለጠው። የገና አባት ቀይ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ከወገቡ በታች ግን ባለ ነጠብጣብ የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው ያለው። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ከፊቱ አንድ መነጽራም ሰው በልብስ ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ ቀይ ሱሪ ይጠግናል።]

አራሚው፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ሱሪው የት ሄደ?

ቀቢው፦ ሰፊው እጅ ነው፣ ይኸው።

አራሚው፦ የቱ ሰፊ?

ቀቢው፦ ልብስ ሰፊው። «ከሰፊው ቤት ገባ» ካሉ፣ ሰውየው ልብስ ሰፊ ቤት ያለ ጉዳይ አይሄድም መቼም። ያን ሁሉ ከረጢት ተሸክሞ ሲጎነበስ ሱሪው ተተርትሮ ነው ብዬ አሰብኩ። ዕድሜውም ገፍቷል።

አራሚው፦ ሰፊ ቤት! ትልቅ ቤት! የተንጣለለ ቤት! «ፊ» ጠብቆ!

ቀቢው፦ ይሄም ላልቶብኛል?

አራሚው፦ ላልቶብሃል! ሰውየውንም ሱሪ አስወልቀኸዋል! ነገ ሠላሳ ሕፃናት ፊት እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምገልጠው?

ቀቢው፦ በቀስታ።

[አራሚው ተነሥቶ በሰሌዳዎቹ መሀል ተንጎራደደ። እጅጌው እርጥብ ሰሌዳ ነክቶ «ጫማ እናድሳለን» ከሚለው ላይ «ጫ»ን ይዞ ተመለሰ። አላየውም።]

አራሚው፦ እሺ። እሺ። ልብ አድርገህ ስማኝ። በሁለቱ ገጾች ጥፋትህ ምን ነበር? ማላላት። ስለዚህ ደንቡን አወቅከው ማለት ነው፤ ከተጠራጠርክ አጥብቅ።

ቀቢው፦ ይህንንማ ማታውኑ ራሴ ደርሼበታለሁ። በጉ ላይ አጥብቄአለሁ።

አራሚው፦ ጎበዝ! በጉ ላ... [ቆም አለ] በጉ ላይ ምኑን ነው ያጠበቅከው?

ቀቢው፦ [ያነባል]

በጉም ሪባን ታስሮ፣ ከልጆች ጋር ውሏል፤
ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ፣ በደስታ ይበላል።

አራሚው፦ አትግለጠው።

ቀቢው፦ ይዩት እንጂ።

አራሚው፦ አትግለጠው አልኩህ!

[ገለጠው። በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ልጆች ሹካና ቢላ ይዘው እየሳቁ ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ትልቅ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ በጉ ተጠብሶ፣ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል።]

ቀቢው፦ ሪባኑን ግን አልፈታሁትም። እርስዎ የጻፉትን ማክበር አለብኝ።

አራሚው፦ በጉ ነው የሚበላው!

ቀቢው፦ አዎ፣ በጉ ነው የሚበላው።

አራሚው፦ እሱ ራሱ ይበላል!

ቀቢው፦ እሱ ራሱ ነው፣ ሌላ በግ አይደለም።

አራሚው፦ ሣር! ሣር ይበላል! አፍ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ያኝካል! ከልጆቹ ጋር አብሮ ማዕድ ይቀርባል!

ቀቢው፦ ሳህን ላይም ቢሆን ቀርቧል እኮ ጋሼ።

አራሚው፦ [ራሱን ይዞ] ይህ ላልቶ ነበር የሚነበበው! መጥበቅ ያለበትን ታላላለህ፣ መላላት ያለበትን ታጠብቃለህ! አንተ ሰው፣ እህቴን ያገባሃት የጋብቻ ውሉ ላይ ምን ተጽፎ ነው?

ቀቢው፦ እሷ ነች ያነበበችልኝ።

አራሚው፦ የመጀመሪያውን ገጽ አምጣ። የመጽሐፉን በር አምጣ! እሱን እንኳ በዓለም ላይ የሚሳሳተው ሰው የለም።

[ቀቢው በሁለት ጣቱ፣ እንደ ትኩስ ነገር፣ አቀበለው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

ገና ነው፣ ገና ነው፤ እናት ደጁን ጠረገች፣
ልጆቿን ሰብስባ፣ «ገና ነው!» እያለች።

ሥዕሉ ላይ እናትየዋ መጥረጊያ እንደ ዱላ ይዛ በሩን ዘግታለች። ከፊቷ አምስት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እሷ ሌባ ጣቷን እየወዘወዘች ነው።]

አራሚው፦ ምን እያለቻቸው ነው?

ቀቢው፦ ገና ነው፣ አልደረሰም፣ ተመለሱ።

አራሚው፦ ገ-ና! በዓሉ! ቀኑ! ስለ ገና በተጻፈ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ላይ የገና ዛፍ ባለበት መጽሐፍ፣ «ገና» ሲባል «ቆይ» ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አሁን አንተ ብቻ ነህ። የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ ይህን አትሳሳትም!

ቀቢው፦ የአራት ዓመት ሕፃን አለችን እኮ። ልጥራት?

አራሚው፦ ጥራት! አሁኑኑ ጥራት! ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ማንበብ እንደሚችል ይለይ!

[ቀቢው ወደ ጓሮ ተጣራ። ሚጢ፣ የቀቢው ልጅ፣ አንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጎ መጣች፤ ተገልብጦ በተቀመጠ ቆርቆሮ ላይም ቁጭ አለች። አራሚው ጉሮሮውን ጠረገ። መነጽሩን አስተካከለ። ሠላሳ ዓመት በዓይኑ ብቻ ያነበበ ሰው ነው፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ገጹን ከፍ አደረገ፤ ቃሉ ግን፣ ምላሱ ምንም ሳትጫነው፣ ላልቶ ወጣ።]

አራሚው፦ ገና ነው፣ ገና ነው...

ሚጢ፦ እሺ።

[ተነሥታ ወጣች።]

አራሚው፦ የት ነው የምትሄደው?

ቀቢው፦ ገና ነው አሏት እኮ።

ሚጢ፦ [ከጓሮ ሆና] አጎቴ፣ ሲደርስ ጥሩኝ!

[አራሚው ገጹን አየው። ገጹ ላይ ምንም የተሳሳተ ነገር የለም።]

አራሚው፦ ጉሮሮዬ ነው። እንደገና ጥራት።

[ሚጢ ተመልሳ ተቀመጠች። አራሚው እግሩን አንፈራጦ ቆመ፤ ትንፋሹን ሳበ፤ ጥርሱን ነከሰ።]

አራሚው፦ ገንንንንና ነው!

ሚጢ፦ አባዬ፣ አጎቴን ምን አነቀው?

ቀቢው፦ ብሎን።

ሚጢ፦ እሱ ይቅር። ሱሪ የሌለውን አንብብልኝ። እንደ ትናንቱ።

አራሚው፦ እንደ ትናንቱ?

[ቀቢው አንገቱን አከከ፤ ብሩሹን አስቀመጠ።]

ቀቢው፦ ይቅርታ ጋሼ። ግጥሙን ትናንት ለሚጢ አነበብኩላት። አንድ ጊዜ አጥብቄ፣ አንድ ጊዜ አላልቼ። የሳቀችበትን ሳልኩ።

አራሚው፦ ሁለቱንም? ታውቀው ነበር ማለት ነው?

ቀቢው፦ ሰሌዳ ቀቢ ነኝ እኮ። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት «ዋና በር» ብዬ ጻፍኩ፤ በማግስቱ አንዱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የዋና ልብሱን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ ሳላነብ አንዲት ፊደል አልቀባም።

አራሚው፦ ታዲያ ቅድም «እንደ ብሎን?» ስትለኝ የነበረው?

ቀቢው፦ ሲያስረዱ ደስ ይልዎታል። ምን ብዬ ላቋርጥዎት?

[አራሚው ቀስ ብሎ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ። እጅጌው ላይ ያለችውን «ጫ» አሁን ገና አያት። ሚጢ የገና አባትን ሥዕል ጭኗ ላይ አስቀምጣ የውስጥ ሱሪውን ነጠብጣብ እየቆጠረች በሳቅ ትንከተከታለች። እሱ አራቱን ገጾች ሲጽፍ አንድም ጊዜ ሰው እንዲህ ሲስቅ በጆሮው አልሰማም ነበር።]

አራሚው፦ ሚጢ፣ በጉስ? በጉ ሲበላ አላለቀስሽም?

ሚጢ፦ እግሩ እንዲህ ሆነ! [እግሮቿን ወደ ላይ ሰቀለች፤ ከቆርቆሮው ወደቀች፤ ሳቀች]

አራሚው፦ እስኪ እርሳስ ስጠኝ።

ቀቢው፦ ሥዕሉን ላርመው?

አራሚው፦ ሥዕሉን አትንካ። ግጥሙ ነው ሥዕሉን የሚከተለው። በጉ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ ላልቶ፣ አንዴ ጠብቆ። የትኛው እንደሆነ ልጆቹ ይጩኹ። የገና አባት ደግሞ... ቆይ...

የገና አባት መጣ፣ ተቀዶበት ሱሪ፣
ሰፊው ለልጁ አላት፣ «ዝም በይ፣ አትፍሪ!»

ሚጢ፦ ድገመው!

ቀቢው፦ ቤት መታ ጋሼ!

አራሚው፦ ዝም በሉኝ፣ መላጣው ዛፍ ቀርቶኛል። መላጣ... መላጣ... «ሊበጠር መጣ»...

[እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠጋ፤ እያጠበቀና እያላላ ያጉተመትማል። ቀቢው ጎንበስ ብሎ አየው።]

ቀቢው፦ ጋሼ፣ ከንፈርዎ እየተንቀሳቀሰ ነው።

አራሚው፦ አውቃለሁ።

ቀቢው፦ ታዲያ ጨረሱ?

አራሚው፦ ገና ነው።

ቀቢው፦ የትኛው?