የድድ ጠባቂዋ

«ብቅ በል ጥርሱ፣ ብቅ በል እንደ ጨረቃ፣
እም... እም... እምም...»

አክስቴ ከዚህ አታልፍም። ሁለተኛው ስንኝ የት ወድቆ እንደቀረ እንጃ፤ ልብስ ስትሰፋ ታንጎራጉረዋለች፣ ክር ሲበጠስባት ታቋርጠዋለች፣ የስፌት መኪናዋ ሲነሳ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሕፃን ባለበት ቤት ሁሉ ከእናትየው በላይ የምታምጥ አንዲት አክስት አትጠፋም። የእኛዋን «ክብርት የድድ ጠባቂ» ብለናታል። ጥርስ ሊያወጣ የደረሰ ልጅ ለሃጩ አገጩ ላይ ሳይደርስ፣ የተቀቀለ ጨርቅ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ከተፍ ነው። «ዛሬ ድድ፣ ነገ ደም ሥር!» ትላለች፤ ለሰላምታም ለስንብትም።

አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን አፉን ሊስሙ ቢያጎነብሱ መሐል ገባች።

«አባባ፣ ግንባሩን! አፉን ይተዉለት።»

«ልጄ፣ ይሄ አፍ እኮ ስንቱን ስሞ አሳድጓል!»

«እሱማ ነው ያሰጋኝ!»

ጎረቤታችን የወደቀ ጡጦ አንስታ፣ በራሷ አፍ መጥጣ ለልጇ ስታጎርስ ያየች ቀንማ፣ አክስቴ በጮኸችው ጩኸት መንገድ ላይ የነበረ ሹፌር ፍሬን ያዘ።

ስቀናል። ምነው ባልሳቅን።

አባቴ የልቡ ደም ሥር ጠቦ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ አንድ ወጣት ሐኪም መተላለፊያው ላይ ሲያጫውተን፣ ጥርስ በሚያወጡ ሕፃናት አፍ የሚገቡ ተሕዋስያን ኋላ ከሚመጣ የደም ሥር ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆን የሚመረምሩ አሉ አለን። «ገና ጥያቄ ነው» ሲልም ጨመረ። እኛ ጥያቄነቱን ሰማን፤ አክስቴ ግን መልሱን ሰማች። የእሷና የአባቴ እናት ስትሞት አባቴ ድዱ ያበጠ ሕፃን ነበር። አልበላ ሲላት ዳቦውን በአፏ አላምጣ፣ አለስልሳ ያጎረሰችው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ናት፤ ራሷ ገና ልጅ ሳለች።

ድድ መጥረጉን የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከእኛም ጋር ማዕድ አትቀርብም። ታቀርባለች፣ ትጨምራለች፣ የራሷን ድርሻ ወጥ ቤት ቆማ ትጎርሳለች። የሰውን ልጅ ሁሉ ድድ ስትጠርግ፣ የምትጠርገው የአንዱን እንደነበር ዘግይቶ ገባኝ።

ባለፈው እሑድ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እቴቴ፣ ነይ ቁጭ በይ።»

«በላሁ እኮ።»

«የቁም መብል አይቆጠርም።»

«ወንድምዬ፣ ልብህን የመረዝኩት እኔ...»

«ሐኪሙ የተቆጣኝ በሲጋራዬ ነው። ሲጋራውንም አንቺ ነሽ ያላመጥሽልኝ?»

ልትስቅ ነበር፤ በሽርጧ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ያኔ ሳታላምጪ ብትተዪኝ ኖሮ» አላት ዝቅ ብሎ፣ «ዛሬ የሚታመም ልብ ከየት ይመጣ ነበር?»

ከዚያ ሽርጧን ፈታ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበች። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሙቅልሽ ብላት በእጇ ከለከለችኝ። ቁጭ ብላ በላች።