የፈንቴ ልብና የጨረሩ ልክ

እኛ ሰዎች ሕክምና ሲባል መብዛቱን ነው የምንወደው። ውሸት ነው? ክኒን ብቻ ጽፎ የሸኘንን ሐኪም እናማዋለን፤ መርፌ የወጋንን እንመርቀዋለን፤ ያስጮኸንማ እሱ ሊቅ ነው። የምነግርሽን ጻፊ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል? ባለፈው ጉንፋን ሲይዝሽ ግሉኮስ ካልተሰቀለልኝ ያልሽው ማን ሆነሽ ነው?

ባሌ ፈንቴም ከዚሁ ወገን ነው። ደረቱን እየጨመደደው ዳገት ቢያቅተው፣ ልቡ በሲቲ ስካን ይታይ ተባለና ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ይዤው ወረድኩ። ገና አልጋው ላይ ሳይወጣ የማሽኗን ባለሙያ፣ «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁ፤ በጨረሩ እንዳትሰስቺብኝ» አላት።

ልጅቱ ሳቀች። «አባባ፣ ጨረር ሲበዛ ይጎዳል። እኛ የምንለፋው እንዲያንስልዎ ነው። ልብዎ ዝግ ብሎ ከመታ፣ በሁለት ምት መሀል ባለችው እፎይታ ብቻ ብልጭ አድርገን እንጨርሳለን። ከሮጠ ግን ጨረሩም ይበዛል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል።»

ይሄን ሲሰማ የፈንቴ ልብ ጭራሽ ጋለበ! በደቂቃ ዘጠና አምስት ምት። የሚያዘገየውን ክኒን እንዳይሰጡት አስም አለበት። እኔን አስወጥተው ከመስታወቱ ወዲያ ሲያስቀምጡኝ መቶ አምስት ገባ። «ካልወረደ ዛሬ አናነሳዎትም» አለችው። ሰውዬዬ ብቻውን ተጋድሞ በር በሩን ያያል።

«እትዬ፣ እስቲ በዚህ ያነጋግሯቸው» ብላ ድምፅ ማጉያውን አስጠጋችልኝ።

ምን ልበል? አፌ እንዳመጣልኝ ለቀቅሁት። ገብሱ ገና እንዳልታጨደ፣ ጥጃዋ ገመዷን እንደበላች፣ የጎረቤት አጥር ወደኛ እየገፋ እንደመጣ፣ በተቀደደ ካልሲ ነርሶቹ ፊት እንዳዋረደኝ... ዘጠና። ሰማንያ። ስልሳ ሁለት! ልጅቱ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። «አባባ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ።» ብልጭ። አለቀ። ትንሿ ጨረር በቃችው። አንድ የደም ሥሩ ጠበብ ብሏል፣ በመድኃኒት ይያዛል አሉን፤ ተመስገን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ኩራቴ አላስቀምጥ አለኝ። «ከነገርኩህ ሁሉ የቱ ነው ልብህን ያሳረፈው? የጥጃዋ ነገር ነው አይደል?»

«የቷ ጥጃ?»

«ታዲያ ምን ሰማህ?»

«ድምፅሽን ነዋ። ቤቴ ያለሁ መሰለኝ» ብሎ ትከሻዬ ላይ ተኛ።

ይኸውላችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ስለፈልፍ አንድም ቃል አልሰማኝም። ልቆጣው አልኩና፣ ዝም ካልኩ ይነቃል ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ።