ሳልስ ይጠብቃል

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ማውራት ከጀመሩ ሦስተኛው ሳይጠሩት ይመጣል። የሚመጣውም «አይሆንም» ሊል ነው። በዕድሩ አለ፣ በመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በሠርግ ድንኳን ሥርም አለ፤ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ሰዉ እጁን ታጥቦ፣ እሱ ገና ካስማውን እየነቀነቀ «አይሆንም፤ ይወድቃል» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ መውደቁ ነው።

ምንትዋብ እንዲህ ካለው ሰው ጋር፣ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ ሳታይ፣ ሰባት ወር ሙሉ ተጣልታለች።

የጠብ ሜዳቸው ደብተር ነበር። መገናኛ አጠገብ ኢስሐቅ የሚባል የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ አለ። ባንኮኒው ላይ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ደብተር ያስቀምጣል። የጽሕፈት መኪና ፍቅር ያሳበደው ሁሉ፣ ታይፒስቱም፣ አስተማሪውም፣ ጡረታ የወጣው መካኒክም፣ ሲያልፍ ጎራ ይልና ሐሳቡን ይጽፋል፤ በማግስቱ ሌላው መጥቶ ከሥሩ ይመልስለታል። «ፊደሉ ለምን በአንድ ምት አይወጣም?» «በጉልበት ብንመታውስ?» የማይጻፍ ነገር የለም። ብዙዎቹ ተያይተው አያውቁም፤ የሚጽፉትም በቅጽል ስም ነው። አንዱ «ጥቁር ሪባን» ነው፣ ሌላው «የቦሌው ምላስ»፣ ምንትዋብ ደግሞ «ባለ ስምንት ጣት»። የደብተሩ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውን ሳታነብ ከታች አትጻፍ። ሕጉን የሚያከብር አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

እሳቸውም አቶ ላጲሶ ናቸው። በእውነተኛ ስማቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ። የደብተሩ ሰዎች መጀመሪያ «ሊቀ ተቃዋሚያን» ሊሏቸው አስበው ነበር፤ ዘመኑ ግን እንዲህ ያለው ማዕረግ ለቀልድም የሚሰጥበት አልነበረምና «መጋቤ አይሆንም» ብለው ሾሟቸው። መጋቤ አይሆንም ሁልጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፦ «አይሆንም። ምክንያቱን ከታች ተመልከት።» ከታች ሦስት ገጽ ተኩል አለ፤ ከነሥዕሉ።

የምንትዋብ ጉዳይ ቀልድ አልነበረም። የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች የብረት ቁም ሣጥን በር ቀጥ አድርጎ አስቀርቷቸዋል። በዚያን ጊዜው መኪና «ሊ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ «ለ»ን መምታት፣ ቀጥሎ የሳልሷን ምልክት ማስከተል ነው፤ ለአንድ ፊደል ሁለት ምት! ዐሥር ጣት ያለውንም ያንገዳግዳል። ቦሌ ያለው መሥሪያ ቤቷ የፍጥነት ፈተና ቀጠሮ ያዘላት። ካለፈች ታይፒስት ናት፤ ከወደቀች መዝገብ ቤት ገብታ የፋይል አቧራ ታራግፋለች።

እሷም በደብተሩ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ፊደሉን በእጅ፣ ምልክቱን በእግር ብንመታስ? እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለየምልክቱ መርገጫ ቢሠራለት።»

«አይሆንም» አሉ መጋቤ። «ወንድሜ ባለ ስምንት ጣት፣ እግር የተፈጠረው ለመራመድ ነው። ደግሞም የመርገጫው ሽቦ በሦስተኛው ቀን ይበጠሳል።»

ኢስሐቅ ሠራላት። ሽቦው በሦስተኛው ቀን ተበጠሰ።

ምንትዋብ ያን ቀን ደብተሩን ልትቀድደው ምንም አልቀራት። ኢስሐቅ ሽቦውን አውጥቶ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ገጠመ። ለካስ የፍሬን ሽቦው ሐሳብ መጋቤ በጻፉት በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከሥዕሉ ጎን፣ በደቃቅ ቀይ ጽሕፈት ሰፍሮ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሰውዬውን ጽሑፍ እየተሳደበች ሁለት ሁለት ጊዜ ታነበው ጀመር።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን፣ ዓርብ ዕለት ቀበሌ መኪናውንም ደብተሩንም ወሰደ። ቅዳሜ ጧት ምንትዋብና ኢስሐቅ ተጠሩ። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ጓድ መኩሪያ ደብተሩን ገልጠዋል።

«ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እናንተ በድብቅ መኪና ትሠራላችሁ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጽሕፈት መኪና ነው» አለ ኢስሐቅ።

«እሱንማ አየሁት። የጽሕፈት መኪና መርገጫ ምን ያደርግለታል? እዚህ አራት መርገጫ ይላል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፤ ሦስት። አራተኛው ምንድነው?» ገጹን ገለጡ። «ይሁን፤ መኪናውን እንተወው። ይሄንንስ? ‹ሳልስ ይጠብቃል። ካዕብ ደህና ነው። ራብዕን ትናንት ፈታነው። ኃምስ ገና አልተያዘም።› በሕቡዕ ስም! ማነው ሳልስ? የት ሆኖ ነው የሚጠብቀው? ማንን ነው የፈታችሁት?»

ያነበቡት የምንትዋብን ጽሑፍ ነው። እውነቱን ብትናገር እንኳ እንደ ውሸት ሊቆጠር ነው።

«ከሁላችሁ ንቃት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው» ቀጠሉ ጓድ መኩሪያ። «ገጽ በገጽ ‹አይሆንም› እያለ ሲታገላችሁ የኖረ። አስጠርቼዋለሁ። እሱ ይመስክርባችሁ።»

ምንትዋብ አበቃላት። ሰባት ወር የተጣላችው ሰው መጣባት!

በሩን የሚያህል ሰው ጠብቃ ነበር። የገባው ግን ከጠመንጃው ብዙም የማይረዝም፣ ከረባቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ሽማግሌ ነው። ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ወንድሜ ባለ ስምንት ጣት የታለ?»

ምንትዋብ ያንን እጇን አነሣች። አቶ ላጲሶ እጇን አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ሰባት ወር የጻፉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ ያላቸው ይመስል ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ጓድ ላጲሶ፣ ይህ ነገር አይሆንም ብለው ጽፈዋል?»

«ጽፌአለሁ። አርባ ሦስት ጊዜ።»

«ስለዚህ እንውረሰው።»

«አይሆንም!»

ጓድ መኩሪያ ከደብተሩ ቀና አሉ።

«ምን አሉ?»

«አይሆንም አልኩ፤ ምክንያቱን ያድምጡኝ። የተወረሰ ነገር አይተችም። እኔ ይቺን መኪና ገና ተችቼ አልጨረስኩም። ሁለተኛ፣ ያነበቡት ተሳስተው ነው።»

«እኔ? እኔ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለኝ!»

«አነበቡ፤ ግን አጥብቀው አነበቡት። ይሄ በር ላይ የቆመው ልጅ ይጠብቃል፤ እሱ ጠብቆ ይነበባል። የእኅቴ መርገጫ ግን ስትረግጠው አልላላ ይላል፤ ይጠብቃል፤ ይሄኛው ላልቶ ይነበባል። ጥብቅ ነገር ላልቶ ሲነበብ ግራ ቢገባዎ አልፈርድም፤ ቋንቋው ነው። ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ ደግሞ ሰው አይደሉም፤ የሁ፣ የሂ፣ የሃ ስማቸው ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

አቶ ላጲሶ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ምንትዋብ በልቧ «ይብቃዎት፣ አባቴ፣ ይብቃዎት» አለች። የእሳቸው አፍ ግን መች ይበቃዋል!

«ስምዎን ይጻፉት። መኩሪያ። ‹ኩ› ካዕብ ነው፣ ‹ሪ› ሳልስ፣ ‹ያ› ራብዕ። እነዚህ ሰዎች ሕቡዕ ከሆኑ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሦስቱም እርስዎ ስም ውስጥ ተደብቀዋል። ያልተያዘው ኃምስ ብቻ ነው።»

ጓድ መኩሪያ ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሱ ስማቸውን በቀስታ ጻፉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። መጀመሪያ ሳቁ ያመለጠው አብዮት ጠባቂው ነው። ጓድ መኩሪያ ሊቆጡት ዞሩ፤ ሲዞሩ እሳቸውንም አመለጣቸው።

«ይህን ሰውዬ ከፊቴ አርቁልኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መኪናችሁንም ውሰዱ። ደብተሩ ግን እዚህ ይቀራል።»

«አይሆንም» አሉ አቶ ላጲሶ።

ደብተሩንም ወሰዱ።

ሰኞ ምንትዋብ በሦስት መርገጫ ተፈተነች፤ ኃምስን በእጇ እየመታች። ውጤቱ ሲወጣ እየሮጠች ወደ ኢስሐቅ ሱቅ ሄደችና በትልልቁ ጻፈች፦ «አልፌአለሁ። መጋቤ ሆይ፣ ይሆናል!»

በማግስቱ ከሥሩ ቀይ ጽሕፈት ጠበቃት፦ «አይሆንም። ምክንያቱን ከታች ተመልከቺ።» በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ «ተመልከቺ» ብለዋታል። ከታች ግን ሦስት ገጽ ተኩል አልነበረም፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «አራተኛው መርገጫ ለእግርሽ ይርቃል፤ እኔ በልክሽ እሠራዋለሁ። የጫማ ቁጥርሽን ጻፊ።»

«ሠላሳ ስድስት» ብላ ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን መልስ አገኘች፦ «አይሆንም። ቀበሌ እግርሽን አይቼዋለሁ፤ ሠላሳ ሰባት ነው።»

ምንትዋብ ደሟ ፈላ። የራሴን እግር! እዚያው ባንኮኒው ሥር ጫማዋን አውልቃ ሶሉን ገለበጠችው። ኢስሐቅም አንገቱን አስግጎ አየ።

ሠላሳ ሰባት።