ሊያግዙ የሚመጡት አቶ ለተጊዮርጊስ

ሰው ለሳቅ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሊያይ ሳይሆን ሊያግዝ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰፈር ስሙ ሌላ ይሆናል፤ ከካራ እስከ ሲግናል ግን ክቡር አቶ ለተጊዮርጊስ ይባላሉ። ሥራቸው ከእንጦጦ የሚወርድ ባሕር ዛፍ መነገድ ነው። እሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን እንጨቱ የጎን ሥራ ነው፤ ዋናው ሙያቸው ሰው ማሳቅ ነው።

ይህን ሙያ የመሠረቱት በሰው መድረክ ላይ መሆኑ ነው ፈዬራን ያንገበገበው። ፈዬራ ኮተቤ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሰው የሚያስቅ ኮሚክ ነው። ያለ ዘፈን፣ ያለ ጭፈራ፣ በወሬ ብቻ። ነገሩ ለሰፈሩ አዲስ ነበር። አቶ ለተጊዮርጊስ ግን በወይዘሮ ሸዋረጋ ጠጅ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። እዚያ ጠጪው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍናል፤ ወጉ ይኸው ነው። ስለዚህ ፈዬራን ሲያዩት ማሲንቆው የተሰረቀበት አዝማሪ መሰላቸው፤ አዘኑለትም።

ፈዬራ ስለ ስስታም አማቱ ይጀምራል። «እንግዳ ሲመጣ አማቴ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ?» ይልና ትንሽ ዝም ይላል፤ የቀልድ ጨዋታው ያለው እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ከፊት ወንበር የአቶ ለተጊዮርጊስ «ተቀበል!» ይመጣል። «በመስኮት ብቅ ብለው ‹ሰውዬው የሉም› ይላሉ!» አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ፈዬራ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሾለው የከረመው፣ ከዚህ እጅግ የተሻለው መልስ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እንዳልሰማ ቢያልፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ አቶ ለተጊዮርጊስ የምር ያልሰማ መስሏቸው ጮክ አድርገው ይደግሙለታል።

አንድ ቀን የሰካራም አረማመድ ሲያሳይ «እንዲህ አይደለም» ብለው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መድረክ ላይ ወጡ፤ ሲወርዱም የተጨበጨበው ለእሳቸው ነበር። ፈዬራን ትከሻውን ቸብ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ እኔ እያለሁ አትወድቅም» አሉት። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ቢያስወስደው፣ ተራራ ለተራራ እንጨት ቆራጭ ሲጣራ የኖረ ድምፅ የቱ ጋ ሆኖ ይሰንፋል? አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ እሳቸውን ግን ከመሀልም ከዳርም የሚያወጣ አልተገኘም። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ብዙነሽ አቤት ቢል «የኔ ልጅ፣ እኔ ያላስጣልኩትን አመል አንተ ታስጥላለህ?» አሉት።

ሚያዝያ ላይ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የከተማው ኮሚኮች ሁሉ በዚያው አዳራሽ የቀልድ በዓል ሊያደርጉ ሆነ፤ ከሬዲዮ ጣቢያም በየሳምንቱ ሰው የሚያስቅ አንድ ኮሚክ የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ጠጅ ቤቱ እየጠፋ፣ ሰው ማታ ማታ ሬዲዮ ከቦ መቀመጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሬዲዮ ያልገባ ኮሚክ ከእንግዲህ ለግድግዳ ማውራቱ ነው። ፈዬራ አቶ ለተጊዮርጊስ እንጨት ግቢ ድረስ ሄዶ እጅ ነሣ።

«ጋሼ፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ ስለ እግዜር ብለው ዝም ይበሉልኝ።»

«ማን ሊያግዝህ ነው ታዲያ?»

«ብቻዬን ልሞክረው።»

አቶ ለተጊዮርጊስም «እሺ» አሉ። በበዓሉ ቀን የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጭነው፣ ላብ እያጠመቃቸው ተቀመጡ። ፈዬራ ተመረጠ። በማግስቱ በሰፈሩ «ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ» ሲሉ ዋሉ። እውነት መሆኑ ፈዬራን ይበልጥ አበሸቀው።

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የጠበቀው ክፍል ጠባብ፣ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ፣ አንድ ማይክራፎን የቆመበት ነበር። ከአንድ የመስተዋት መስኮት ወዲያ ቴፕ የሚቀዳው ሰውዬ አለ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ አልፎም አያውቅ። ፈዬራ ምኞቱ ደረሰለት፤ የሚያቋርጠው አንድም ሰው የለም። የአማቱን ጀመረ፤ ዝም የሚልባት ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። የሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ምነው ቆምክ? ቴፑ እኮ እየሄደ ነው» አለው ሰውዬው።

ቀጠለ፤ ግን እንደ ሒሳብ ትምህርት ሆነበት። የጣቢያው አለቃ ሰምቶ፣ የሚመጣው ሳምንትም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንደሚያስገቡ በትሕትና ነገረው። ፈዬራ በአውቶቡስ ወደ ኮተቤ ሲመለስ በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ የናፈቀው ማን እንደሆነ ሲገባው፣ በራሱ ተናደደ።

በሳምንቱ አቶ ለተጊዮርጊስን ይዞ መጣ። ዘበኛውን «የሥራ ባልደረባዬ ናቸው» አለው። ወንበር ተሰጣቸው። ፈዬራ የአማቱን ጀመረ፤ ዝም የሚልባት ቦታ ገና ሳይደርስ «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ፈዬራ ተቀበለ፤ የእሳቸውን ‹ሰውዬው የሉም› ተናገረና የራሱን ጨመረበት፤ እሳቸውም በሳቅ ወንበሩን አንቋቁት። ቀጂው በሩን በርግዶ ገባ።

«እኚህን ሽማግሌ ቶሎ አስወጣልኝ፤ ቴፑን አበላሹት።»

ፈዬራ ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ተስሎ ነበር! አሁን ሲሰማው ግን ደሙ ፈላ።

«እሳቸው ከወጡ እኔም እወጣለሁ» አለ።

ቀጂው ሁለቱን አፈራርቆ አየና «እንግዲያው ከማይክራፎኑ ራቅ ይበሉ» አለ። ፈዬራ የአቶ ለተጊዮርጊስን ወንበር በገዛ እጁ ወደ ኋላ ሳበ፤ ብዙም አላራቀውም።